ሁለተኛው መስኮት

ሰኔ 29

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን የመስኮት ልክ ልጽፍበት ነበር። ሦስት ገጽ ቁመትና ወርድ ሞላሁበት፤ ዛሬ ግን የራሴን ወሬ መጻፍ አማረኝ። ለሰው ባወራው ጉራ ይመስላል።

ሳሎኔ አለቀ! ይህን ሁሉ ዓመት የሰው መጋረጃ ስሰፋ የራሴ ሳሎን ያ ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ተሰቅሎበት ነበር። ወረታ ውስጥ እሱን ያልሰቀለ ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ግማሹን የሰፋሁት ደግሞ እኔው ነኝ። አውርጄ ጣልኩት። የፕላስቲክ አበባውን፣ ማንም የማይጠጣበትን የቡፌ ብርጭቆ ሁሉ አነሳሁ። ግድግዳውን ወተት የበዛበት ሻይ ዓይነት ቀለም ቀባነው። ባለቤቴ ቻላቸው ከሩዝ መፈልፈያው የገለባ አቧራ እንደለበሰ ገባና በሩ ላይ ቆመ። "ተዘረፍን እንዴ ሰገን?" አለኝ። የዛሬ ቤት እንዲህ ነው አልኩት።

የቀረኝ መጋረጃ ነው። ሁለት መስኮት አለኝ፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አልፈልግም። ጎረቤቴ ሀዲያ ሱቋ ውስጥ ያለውን ጣቃ ሁሉ አወረደችልኝ፤ አንዱም ዓይኔ አልገባም። "አንቺማ ለብቻሽ ካልተሸመነልሽ አይሆንልሽም" ብላ ሳቀችብኝ።

ሐምሌ 5

የገበያ ቀን። ወንድሜ በላቸው ከቁሐር ሚካኤል የእማዬን ዕቃ ይዞ መጣ። ክረምት በገባ ቁጥር እንዲሁ ነው። ውሃው ሜዳውን ሲሞላው እነሱ ቤት ወለሉ ድረስ ይደርሳል፤ የእኔ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ እንዳይርስ የሚፈለግ ሁሉ ወደዚህ ይላካል። የመሬት ደብተሩ፣ የአባዬ ፎቶ፣ ለዘር የተቀመጠው ጓያ። ዘንድሮ አንድ ጥቅል ተጨምሮበታል። በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል።

"ውሃ እንዳይነካው፣ ደህና ቦታ ታስቀምጥልኝ ብላለች" አለኝ በላቸው።

"ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፤ የሴት ዕቃ ነው።"

እማዬ ራሷ ለምን እንዳልመጣች ጠየቅሁት። ላሞቹን ለማን ትቼ ብላለች አለኝ። ሁልጊዜ እንዲሁ ናት።

ሐምሌ 8

ጥቅሉን ፈታሁት። እርጥበት ገብቶበት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

ጋቢ ነው። አዲስ፣ አንድ ቀን ያልተለበሰ፣ ጥለት የሚባል የሌለው ነጭ የእጅ ፈትል። እማዬ አውራ ጣቷን ማጭድ ከቆረጣት ወዲህ ክሯ በየስንዝሩ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ያንን አይቼ የእሷ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ስፌቱን ተርትሬ አንዱን ፈርጅ ለየሁና መስኮቱ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ብርሃኑ ሲያልፍበት እንዴት እንደሚያምር! ይኸውልህ ስፈልገው የነበረው ጨርቅ አልኩ ለቻላቸው፤ እሱ ግን ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥለት የሌለው ጋቢ ከዚህ በፊት የት እንዳየሁ አሰብኩ። አልመጣልኝም።

ውስጡ ሰባት ጧፍ ተጠቅልሎ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ሥር አኖርኩት።

ሐምሌ 9

ቆረጥኩት።

እማዬ የምትለብሰው ጋቢ አላት። ይኸኛው ተጠቅልሎ ለብል ከሚሆን ሰው ቢያየው አይሻልም? የእናቴ ፈትል ሳሎኔ ላይ ሲሰቀል ለእሷም ክብር ነው። ሌላ ከፈለገች እገዛላታለሁ።

ሐምሌ 10

ቸኩያለሁ። ነጩ ከግድግዳው ጋር አልሄድ አለኝ። በሻይ ቅጠል ቀቀልኩት። ተሳካ! የመንገዱ መስኮት አማረ። ከተረፈው ሦስት የሶፋ ትራስ ወጣ። ለጓሮው መስኮት አልበቃም። ግድ የለም፣ ፎቶ ሲነሳ እሱ አይታይም።

ሐምሌ 15

ፎቶውን ስልኬ ላይ ያለው ገጼ ላይ "የእናቴ እጅ፣ የእኔ ሳሎን" ብዬ ለጠፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከባሕር ዳር ሳይቀር ይጽፉልኛል። ሐሙሲት ያሉ ወይዘሮ አገኘሁሽ የሚባሉ ሴት ደወሉልኝ፤ ልጃቸውን ለጥር ይድራሉ፣ የሙሽሮቹን ቤት "ልክ እንዳንቺው አድርጊልኝ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

ሀዲያም አየችው። መጋረጃውን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ያምራል። እናትሽ አይተውታል?" አለችኝ።

"ሲመጡ ያዩታል።"

መጋረጃውን ለቃ ወዲያው ወጣች። ቅር ያላት ከሱቋ ስላልገዛሁ ይሆናል።

ሐምሌ 23

ራት ላይ ቻላቸው በድንገት "ያ ጨርቅ የማን ነበር?" አለኝ።

"የእማዬ።"

"ሰጠችሽ?"

"ላከችልኝ።"

ውሸት አይደለም። ልካልኛለች።

ነሐሴ 6

ውሃው ገባ። ማታውን ሙሉ ዘንቦ ሜዳው ሐይቅ ሆኗል አሉ። በላቸው እማዬን እስከ አስፋልቱ በታንኳ አምጥቶ ባጃጅ ላይ ጫናት። እስከ ጉልበቷ ርሳ፣ እያሳላት ደረሰች። ጫማዋን ደጅ አወለቀች፤ ግቢ ብላት ምንጣፉን አልረግጥም ብላ ዳር ዳሩን ዞራ ሄደች።

የመንገዱ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ዓይኗ ደክሟል፤ ነገር የምታየው በእጇ ነው። ጣቷ ቁልቁል ወረደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ወረደ። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ቤትሽ አማረ" አለችኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ።

ነሐሴ 8

ስለ ጥቅሉ አልጠየቀችኝም።

ነሐሴ 11

አልጠየቀችኝም። ረስታው ይሆናል። ሰባ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም፣ ሰው ይረሳል። ጥር ላይ የተወለደችውን ጥጃ መልክ ግን ከነእናቷ፣ ከነአያቷ ዘርዝራ ነገረችኝ።

ትራሱን አትደገፈውም። ከጀርባዋ ባደረግሁላት ቁጥር አውጥታ ጭኗ ላይ ታኖረዋለች።

ነሐሴ 14

የፍልሰታ ጾም ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን ሥዕሉ ፊት ቆመች። ሥር ያሉትን ጧፎች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው።

"ሰባት ናቸው" አልኳት፤ ለምን እንዳልኩ እንጃ።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

አንዱንም ሳታበራ መልሳ አስተካክላ አኖረቻቸው።

ነሐሴ 20

"እጄ ሥራ ፈታ። ባዘቶ ግዢልኝ" አለችኝ። እንዝርቷን ከሻንጣዋ አወጣች። ገዛሁላት። እሰይ፣ የምትይዘው አገኘች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስትፈትል ትውላለች፤ መንገደኛውንም ታወራለች። ሳሏ ግን አልተወም። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት ውሃው ሲጎድል ይተወኛል ትላለች።

ምን ልታሠራበት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ስለ ጥቅሉ ወሬ ይነሳል።

ነሐሴ 27

ስትፈትል በቪዲዮ ቀረጽኳት። እጇን ብቻ፣ እንዝርቱ ሲሾር፣ ከኋላ መጋረጃው። እስከ ዛሬ ከለጠፍኩት ሁሉ የበለጠ የታየው ይኸ ነው። "እድለኛ ነሽ፣ እናትሽ ሳሎንሽን እየፈተሉልሽ ነው" ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። ለእማዬ አነበብኩላት።

"እና ሰው ሁሉ አየው?" አለች።

"ብዙ ሰው።"

"አንደኛውን መስኮት ብቻ?"

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ክሯን ቀጠለች።

ጳጉሜን 4

ሥራ በዝቶብኛል። ወይዘሮ አገኘሁሽ በየቀኑ ይደውላሉ፤ የእጅ ፈትል ካልሆነ አይሆንም ይላሉ፣ "የእናትሽን ዓይነት"። እማዬ ትናንት ሲያስላት ከተቀመጠችበት መነሳት አቃታት። ሦስት ልቃቂት ሞልታለች። ይህን ያህል ምን ያስቸኩላታል? ዕረፊ ብላት "ጊዜ የለኝም" አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የሚያስቸኩላትን አውቃለሁ። አላውቅም። ነገ እጽፋለሁ።

መስከረም 8

እንደ ሆነው ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ ነው። እኔ ሳሎን የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፣ በሩ ክፍት ነው። ሀዲያ እማዬን ልትጠይቅ መጥታ በረንዳው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ወሬያቸው ይሰማኛል፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ሀዲያ ጉልበት ሕመም። ከዚያ ሀዲያ፣

"እማማ ወለተ ሐና፣ ይህን ሁሉ ክር ለምን ሊያደርጉት ነው?" አለቻት።

እኔ እግሬን ከመኪናው ላይ አነሳሁ። ለመግነዣዬ ትላለች፣ አለቀልኝ ብዬ ጠበቅሁ።

"ለዚያኛው መስኮት ነዋ" አለች እማዬ። "አንዱ ለብሶ አንዱ ዕርቃኑን ቀረ እኮ። ያ ሁሉ ሰው የሚያየው ቤት ነው፣ ልጄን ይስቁባታል።"

ሀዲያ ተነስታ ሄደች።

እኔ ወጥቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥቅሉን ፈትቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳት። ያለቀስኩ መሰለኝ፤ አዎ፣ አለቀስኩ።

"የገባሁ ለት አወቅሁት" አለችኝ እንዝርቷን ሳታቆም። "የገዛ እጄን አጣዋለሁ እንዴ?"

"ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?"

"ምን ልበልሽ? ተቆርጧል። ብናገር ይቀጠላል? ደግሞ ደስ ብሎሽ አየሁ። ሰው ሁሉ አመሰገናት አሉኝ።"

"ለአንቺስ እማዬ? ለአንቺስ ምን ሊሆን ነው?"

"ለእኔማ ጨርቅ ይጠፋል? ያች ጎረቤትሽ ሱቋ አቡጀዲ ሞልቶ የለም እንዴ። ለአፈር ምን ጌጥ ያስፈልገዋል።"

ከዚያ ሳሉ ያዛት። ጀርባዋን ይዤ ቆየሁ።

መስከረም 9

ትናንት የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ለእማዬም "አላወቅሁም ነበር" አልኳት፣ ያንን አልጻፍኩትም። እሷም "ከየት ታውቂው" ብላ አለፈችኝ። ቻላቸውም እንዲሁ አለኝ፤ አላወቅሽም፣ ልብሽን አታቁስይ።

አውቃለሁ። ጧፉን ሳየው አውቄያለሁ። ጥለት የሌለውን ጋቢ የት እንዳየሁትም አውቃለሁ። አባዬ የተገነዘው በእንደዚያ ያለ ጋቢ ነው። እማዬ ሁለቱን በአንድ ላይ ነው የፈተለቻቸው፣ አንዱን ለእሱ አንዱን ለራሷ፤ ሦስት ክረምት ፈጅቶባታል። እኔ ያኔ ትልቅ ልጅ ነበርኩ። ጥጡን ስትዳምጥ ፍሬውን የምለቅመው እኔ ነበርኩ። አባዬ የሞተ ለት እማዬ ጋቢውን ከሳጥን ስታወጣ ውስጡ ጧፍ ነበር፤ ሰባት። ይኸ እንዴት ይረሳል?

መስኮቱ ላይ ሲያምር አየሁትና አላስታውስም አልኩ። ያለ ማንም ምስክር፣ ለራሴ፣ እዚሁ ደብተር ላይ "አልመጣልኝም" ብዬ ጻፍኩ። ሐምሌ 8። ገጹን ልቀደው አሰብኩና ተውኩት።

መስከረም 21

ውሃው ጎደለ። እማዬ ሄደች፤ ላሞቹ ናፍቀዋት ማደር አልቻለችም። ጤና ጣቢያ በግድ ወስጃት ሽሮፕ ሰጧት። ክሩን ሁሉ በዘንቢል አድርጋ ሶፋው ላይ አኖረችልኝ። "ይበቃል መሰለኝ። ለክተሽ አሠሪው" አለችኝ። ስትወጣ ጓሮ ወዳለው መስኮት እጇን ዘርግታ ወርዱን በስንዝር ለካችው።

መጋረጃውን ላወርደው ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ቻላቸው፣ "አውርደሽ ምን ልታደርጊው? የቀቀልሽው እኮ ነጭ አይሆንም" አለኝ። ወረድኩ። እንደተሰቀለ ነው።

ጥቅምት 2

ለወይዘሮ አገኘሁሽ የእጅ ፈትል የለኝም አልኳቸው። "እናትሽ አሉ አይደል?" አሉኝ። እናቴ ለሰው አትፈትልም አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ባለጌ ነች ሳይሉኝ አይቀሩም።

ጥቅምት 4

ዘንቢሉን ይዤ ሸማኔው ጋሽ ደብሬ ዘንድ ሄድኩ። ክሩን ዘርግቶ በጣቱ አየው።

"የማን እጅ ነው? ደህና ፈታይ ናቸው። ለምን ይሁንልሽ?"

"ለጋቢ። ነጭ፣ ጥለት የሌለው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ጥለት የሌለው ሲባል እሱም ያውቃል።

"አራት ፈርጅ አይታሰብም" አለኝ። "ሁለት ፈርጅም ቢሆን ጫፍ ጫፉ ይጎድላል። ማጉ አይበቃም።"

"ከገበያ ልጨምር?"

"እንደወደድሽ። እኔ ግን የማላውቀውን ሰው ክር ከእንዲህ ያለ ጋር ባልቀላቅል ደስ ይለኛል።"

ቤት ገባሁ። እማዬ እንዝርቷን ይዛ ሄዳለች፤ ከሀዲያ እናት ዘንድ ተዋስኩ።

ጥቅምት 9

ይበጠሳል። ሲወፍር ገመድ ነው፣ ሲቀጥን ይበጠሳል። በስፌት መኪና ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁ ሴት ክር መሥራት አልችልም። ልጅ ሆኜ እማዬ ላስተምርሽ ስትለኝ የገጠር ሥራ ነው ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ያኔም ቀልቤ ከተማ ነበር፣ ያኔም የሌላ ሰው ሳሎን።

ጥቅምት 17

በላቸው ደወለ። ሳሉ በርትቷል። እማዬ ስልኩን ተቀብላ "ሰቀልሽው?" አለችኝ። ገና ነው አልኳት። "ብርድ ሳይገባ ስቀይው" አለች።

ፈትል። ትንሽ ብቻ። ጣቴ ቆሰለ።

ጥቅምት 18

ተበጠሰ።

ጥቅምት 26

ሀዲያ ሱቋን ዘግታ ስትሄድ ገብታ አየችኝ። ሳቀች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ጥጡን ትነድፍልኝ ጀመር። ስለ መጋረጃው አላነሳችም። ያኔ "እናትሽ አይተውታል?" ስትለኝ ከሱቋ ስላልገዛሁ ቅር ብሏት ነው ብዬ እዚህ ጽፌባታለሁ። ይቅር በይኝ ልላት ፈለግሁ፤ ሻይ አፈላሁላት።

ኅዳር 3

የኔን ክር ለጋሽ ደብሬ ወሰድኩለት። አየው፣ ሳቁን ዋጠ።

"ያስታውቃል እንግዲህ" አለኝ። "ሁለቱንም ፈርጅ በእናትሽ ማግ ጀምሬ ባንቺ እጨርሰዋለሁ። አንድ ወገን ላይ ይሁን።"

እንዲሁ ይሁን አልኩት። ፈጥነህ አድርስልኝ አልኩት። ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ጋቢውን ይዤ ቁሐር ወረድኩ። ባጃጁ እስከሚገባበት ሄጄ ቀሪውን በእግሬ። ውሃ የነበረበት ሁሉ ቢጫ ሩዝ ነው፤ ሰው ወደ ንግሡ ስለወጣ አጫጅ የለም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። በጣም ከስታለች። በላቸው ይህን ለምን አልነገረኝም?

ጋቢውን ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ጣቷን ከአንዱ ጫፍ ጀምራ አሄደችው።

"ይኸ የኔ ክር ነው" አለች። "ምነው፣ ለመስኮቱ ነበር እኮ።"

"መስኮቱ ይቆይ።"

ጣቷ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ የእኔ ክር የሚጀምርበት ሲደርስ ቆመ። ወደኋላ መለሰችው፣ ደግሞ ወደፊት።

"ይኸስ የማን ነው?"

"የኔ።"

"አንቺ ፈተልሽ?"

"ፈተልኩ። እማዬ፣ ያኔ አላወቅሁም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጧፉን ሳየው አውቄ ነው የቆረጥኩት።"

ከንግሡ የከበሮው ድምፅ ይመጣል። እጇ የእኔ ክር ላይ ነው፤ ጎርባጣውን እየዳሰሰች ነበር።

"አቤት፣ ገመድ ነው እንዴ የፈተልሽው!" አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፣ "ይኸኛው በእግሬ በኩል ይሁን" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ስነሳ ጋቢውን ሳጥኗ ውስጥ ልከትላት ተቀበልኳት። አይሆንም አለች። ራሷ አጠፈችው፣ በላስቲክ ጠቀለለችው፣ ገመድ አስመጥታ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ሰጠችኝ።

"ክረምት ሲመጣ እዚህ አይሆንም" አለችኝ። "ይዘሽው ግቢ። ደህና ቦታ አስቀምጪልኝ።"

ተሸክሜው ወረታ ገባሁ። ሰባቱን ጧፍ ከሥዕሉ ሥር አንስቼ በገመዱ መሃል ሻጥኳቸው፤ ቋጠሮውን አልፈታሁትም። ጥቅሉ የቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የጓሮው መስኮት አሁንም ባዶ ነው፤ ይህን ስጽፍ ፀሐይዋ በእሱ ገብታ ደብተሩ ላይ አርፋለች።